የአውራ ጣት ቅምሻ

የባሌ ታላቅ ወንድም ቅቤ የሚገዛው በአፍንጫው አልነበረም፤ በጆሮው ነበር። ሻጩ አጎንብሶ «ጌታዬ» ካለው ቅቤው ይጣፍጠዋል። ቀና ብሎ ካነጋገረው ይሸተዋል። ይህን የምጽፈው ከሞተ በኋላ ስሙን ለማጉደፍ አይደለም። በሕይወት ሳለም ስሙ ከዚህ የተሻለ አልነበረም።

አሰላ ላይ፣ የናዝሬት ካሚዮኖች በሚያድሩበት መንገድ ዳር፣ እሱ ሆቴል ብሎ የሚጠራው ቤት ነበረው። ፊት ለፊት ሲተኙባቸው የሚንቋቁ አልጋዎች፣ መሐል መመገቢያ አዳራሽ፣ ከኋላ ጓሮው ውስጥ ወጥ ቤት። ባሌ ሲሞት ከሁለት ልጆቼ ጋር በጓሮው በኩል አንድ ክፍል ተሰጠኝ። ተሰጠኝ ስል በነጻ እንዳይመስላችሁ፤ ከጎሕ ጀምሮ የዚያን ሆቴል ወጥ የምሠራው እኔ ነበርኩ። እሱ ግን ለሰው ሲናገር «የወንድሜን ቤተሰብ አስጠግቼ» ነበር የሚለው።

ክፍሉ ጠባብ ነበር፤ ጣሪያው ያፈሳል፤ በሩ በደንብ አይገጥምም። እኔ ግን ለሌላ ቤት አልለውጠውም ነበር። አንደኛው ግድግዳው ከወጥ ቤቱ ጋር የጋራ ስለነበር፣ ምድጃው ከበስተጀርባው ቀኑን ሙሉ ሲነድ ይውልና ጭቃው እስኪነጋ ድረስ ሙቀቱን ይዞ ያድራል። ትንሿ ልጄ ደረቷ ደካማ ነበር። የጭላሎ ጉም ወርዶ ከተማውን ሲሸፍነው ትንፋሿ ማፏጨት ይጀምራል፤ ከንፈሯ ይጠቁራል። የሐኪም ቤቱ ድሬሰር «ብርድ እንዳያገኛት፤ ሌላ መድኃኒት የላትም» ብሎኝ ነበር። ስለዚህ አልጋዋን ከዚያ ግድግዳ ጋር አጣብቄ፣ ጀርባዋን አስደግፌ አስተኛታለሁ። እኔም አጠገቧ ተኝቼ ስትተነፍስ እሰማለሁ። የክፍሉ ዋጋ ያ ግድግዳ ነበር።

እሱም ያውቅ ነበር። በተናደደ ቁጥር በሩ ላይ ቆሞ፣ «ይህን ክፍል ለእንጨት ማስቀመጫ ብፈልገውስ?» ይለኛል። እኔ የልጄን ብርድ ልብስ አስተካክላለሁ። ድፍን ከተማውን በምላሴ ማሳፈር እችል ነበር፤ ለዚያ ሰው ግን የልጄን ግድግዳ አልመነዝርም።

በገበያ ቀን ጠዋት አቅራቢዎቹ ሁሉ ግቢው ውስጥ ይደረደራሉ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች፣ እንቁላል በገለባ አድርገው በቅርጫት የያዙ፣ ዶሮ እግሯን አስረው ቁልቁል ያንጠለጠሉ፣ ማር በቅል፣ ቅቤ በኮባ ቅጠል። እሱ ጋቢውን ተከናንቦ ወንበር ያስወጣና ይቀመጣል። ቶሎ አይጀምርም። ጤዛው ረግፎ ፀሐይ እስኪወጣ ያቆማቸዋል። የቸኮለ አቅራቢ ዋጋ ይቀንሳል ብሎ ያምን ነበርና።

ከዚያ አንዷን ጠርቶ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ይልና «ያቺ ካንቺ አርክሳ አምጥታለች» ይላታል። ቀጥሎ ያቺን ይጠራና «ይህች ካንቺ አርክሳ አምጥታለች» ይላታል። ሴቶቹ ከበሩ ሲወጡ ተያይዘው ይስቁ ነበር። ሁሉም ከሁሉም የረከሱበት ገበያ በዓለም ላይ የእሱ ግቢ ብቻ ነው።

ግን ዋናው ጥበቡ ቅምሻው ነበር። ያቀረቡት ሳይቀመስ አይገዛም ይላል። ይህ ክፋት የለውም፤ ሁሉም ይቀምሳል። እሱ ሲቀምስ ግን እንቁላል ከእያንዳንዷ ቅርጫት አንዳንድ ሰብሮ ሳህን ውስጥ ይከታል፤ «ትኩስ መሆኑን ልይ» ብሎ። ከማሩ በኩባያ ይቀዳል። ከእንጨቱ ሸክም አንድ ወፍራም ይመዝና «ይነድ እንደሆነ ይሞከር» ይላል። ቅቤውን ደግሞ አውራ ጣቱን እስከ ሥሩ ሰክቶ ይዝቅና፣ ጫፉን ልሶ የቀረውን አጠገቡ ወዳለው ጣሳ ይጠርጋል። ከወደደውም ካልወደደውም ጣሳው ይሞላል። በመጨረሻ ሳህኑና ጣሳው፣ ኩባያውና እንጨቱ ወደ ራሱ ቤት ይሄዳሉ። ሚስቱ ከገበያ በርበሬና ሽንኩርት ብቻ ነው የምትገዛው ይባል ነበር፤ በርበሬው ስለሚያቃጥለው አይቀምሰውም ብለው።

«አየሽ» ይለኛል ሲጨርስ፣ ጣቱን በጋቢው እየጠረገ፤ «አቅራቢ እንደ በቅሎ ነው። ልጓሙን ያላላሽለት ዕለት ይጥልሻል።»

ጋቢውን የማጥበው እኔ ነበርኩ።

ከነዚያ ሁሉ አንዲት ብቻ ነበረች የማትፈራው። ከጭላሎ ሥር የምትመጣ የአርሲ ሴት ናት፤ ሙስሊም፤ በዕድሜ እናቴን ታህላለች። በአክብሮት አዴ ብለን እንጠራታለን። ባሌ በሕይወት ሳለ ጀምሮ ቅቤ የምታመጣልን እሷ ነበረች። መናጫዋን በወይራ ስለምታጥነው ቅቤዋ ገና ከበር ሲገባ ያስታውቃል። ኮባውንም የምታስረው እንደ ሌሎቹ በአንድ ቋጠሮ አይደለም፤ ከራሱ ከቅጠሉ ሦስት ቀጫጭን ልጥ ሰንጥቃ፣ እንደ ልጃገረድ ሹሩባ ጎንጉና ነው።

አንድ ገበያ፣ እሱ አውራ ጣቱን ቀስሮ ወደ ቅቤዋ ሲመጣ መዳፏን ከደነችበት።

«ያለፈው ገበያ ቀምሰሃል» አለችው።

«ዛሬስ?»

«ዛሬም ያቺው ላም ናት። አልተለወጠችም።»

ሴቶቹ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ፊቱ ደም መሰለ።

«እኔን ነው አንተ የምትይው?»

«ታዲያ ስንት ነህ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅቤዋ ይሸተው ጀመር። ያም ሆኖ ይገዛት ነበር፤ ምክንያቱም በወር እየከፈሉ ኮንትራት የሚበሉት መምህራንና የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች የሚመጡት ለዚያ ቅቤ ነው። ከሸዋ፣ ከጎጃም ተመድበው የመጡ፣ ሚስት ያላስከተሉ ሰዎች ናቸው። ወጡ ደህና እስከሆነ ድረስ ስለ አልጋው መንቋቋት አይናገሩም።

ሁዳዴ ገባ። በእኛ ሥራ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ልማድ አለ። ክርስቲያኑ ስለሚጾም ቅቤ በጾም ገዢ የለውም፤ ላሟ ግን ትታለባለች። ስለዚህ ባለሆቴል የሆነ ሰው ጾሙን ሙሉ ከደንበኛው ጥቂት ጥቂት እየገዛ፣ አንጥሮ በእንስራ ያስቀምጣል። ለፋሲካ ቅቤ እንደ ወርቅ ሲወደድ እሱ አይጨነቅም፤ ሴትየዋም በክፉ ቀን ስላልጣላት በደጉ ቀን አትጥለውም። ባሌ «በጾም ያልያዝካት በፍስክ አትይዝህም» ይል ነበር።

አዴ የጾሙ የመጀመሪያ ገበያ እንደ ወትሮዋ መጣች።

«ጾም ገብቷል» አላት እሱ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ።

«ገብቷል።»

«ታዲያ ቅቤ ምን ያደርግልኛል?»

«ጾሙ የሰው ነው» አለች። «ላሟ አልጾመችም።»

«ለፋሲካ ዋዜማ ይዘሽ ነይ። ያን ጊዜ እገዛሻለሁ። ዋጋውንም ያን ጊዜ እኔ እነግርሻለሁ።»

እሷ እሱን አላየችም፤ እኔን አየችኝ። ከዚያ «ኢሺ» ብላ ቅቤዋን አንስታ ወጣች። በዚያው ቀን አንድ ሙስሊም ባለሱቅ ሁሉንም እንደገዛት ሰማሁ። ከዚያ በኋላም በየገበያው አብዛኛውን እየገዛ ወደ ናዝሬት ይጭነው ጀመር።

«ጋሼ» አልኩት፣ ብቻውን ሳገኘው፤ «ጥቂት እንኳ ይግዙልኝና አንጥሬ ላስቀምጥ። ፋሲካ ላይ እንዳንቸገር እፈራለሁ።»

«አንቺ የማትፈሪው ነገር አለ?» አለኝ። «ወጥሽን ስሪ። በጾም ቅቤ መሄጃ የለውም፤ እዚያው ጎጇቸው ውስጥ ይከማቻል። ዋዜማው ላይ ሁሉም ተሸክመው በሬ ላይ ይጋፋሉ። ያን ጊዜ በፈለግኩት ዋጋ አነሳዋለሁ።»

በዚህ ዘዴው እጅግ ደስ ስላለው ሽሮ ለሚበሉት ኮንትራተኞች ሁሉ አወራው። እነሱም በትሕትና ሰሙት። የናዝሬቱ ካሚዮን ቅቤውን ጭኖ በመስኮቱ ሥር ሲያልፍ እንኳ አላየውም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ያወራ ነበር።

በዚያው ሰሞን ታች ሰፈር አዲስ ሆቴል ተከፈተ። ኮንትራተኞቹ እርስ በርሳቸው «የፋሲካን ወጥ ቀምሰን ነው የምንወስነው» ሲሉ ሰማሁ። እሱም ሰምቷል። ወጥ ቤት መጥቶ ድስቶቹን እያየ «ይህ የፋሲካ ወጥ ከተበላሸ» አለኝ፤ «ክፍሉን ትለቂያለሽ። እንጨቱ ዝናብ እየመታው ነው።» በአገጩ ወደ ግድግዳው አመለከተ። ልጄ ከበስተጀርባው ትስል ነበር።

ቅቤ የሚመርጠው እሱ። ቅቤ ቢበላሽ የምትወጣው ልጄ።

ጾሙ ሲጋመስ ኮት የለበሰ፣ ባርኔጣ ያደረገ ሰው መጣ። ከአቦምሳ ነኝ አለ። ግቢው በር ላይ ነው ባርኔጣውን ያወለቀው፤ ወንበሩ ጋ እስኪደርስ ድረስ እየደጋገመ እጅ ነሳ። ያን ጊዜውኑ ጉዳዩ እንዳለቀ አወቅኩ።

«የእርስዎን ዝና አቦምሳ ድረስ ሰምቼ ነው የመጣሁ፣ ጌታዬ» አለ።

«ምን ይላሉ?» የባሌ ወንድም ጋቢውን ከጆሮው ላይ ገለጥ አደረገ።

«አይታለልም ይላሉ። ቅቤ አይቶ ላሟን ያውቃታል ይላሉ።»

«ጨምረውበታል» አለ እሱ፤ ፊቱ ግን እንዳልጨመሩበት ይናገር ነበር።

ሰውዬው ናሙና ብሎ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ አወጣ። የባሌ ወንድም አውራ ጣቱን እስከ ሥሩ ሰካ። ዘቀ። ወደ አፉ አነሳው። ከዚያ ቆመ። ጾም ነው፤ ኮንትራተኞቹም አዳራሹ በር ላይ ቆመው ያዩታል፤ ጿሚ መሆኑን ደግሞ ከሱ በላይ የሚያወራ ሰው አሰላ ላይ አልነበረም። ስለዚህ አሸተተው፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ «ቅቤ ማለት ይሄ ነው!» አለና ጣቱን ወደ ጣሳው ጠረገ። ዓመቱን ሙሉ በመቅመስ የኖረ ሰው፣ አቅራቢ የመረጠው አፉ በተዘጋበት ወራት ነው።

እኔ ያየሁት ግን ኮባውን ነበር። የታሰረው በሹሩባ ነው። የወይራው ጭስ እኔ እስከቆምኩበት ድረስ ሸተተኝ።

ሰውዬው ሲሄድ ቀርቤ «ጋሼ፣ ይህ እኮ የአዴ ቅቤ ነው። ከገበያ ገዝቶት ነው። ማሰሪያውን ይዩት» አልኩት።

«ለአንቺ ቅቤ ሁሉ የሷ ነው» አለኝ። «ያቺ ሴትዮ አስደግማብሻለች።»

ያባረራትን ሴት ቅቤ ነው ዓይኑን ጨፍኖ ያወደሰው። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ሳቅ ይመጣብኛል። ያን ዕለት ግን አልሳቅኩም።

ቅዳሜ ሹር ደረሰ። ቄሶቹ ቄጤማ እያደሉ ዞሩ፤ እሱም ቄጤማውን ግንባሩ ላይ አስሮ ግቢው መሐል ተቀመጠ። የሚጋፋ የቅቤ ሻጭ አልነበረም። በሩ ጭር ብሎ ነበር። እኔ ሽንኩርቱን ከጠዋት ጀምሮ ሳቁላላ ውዬ፣ ዶሮዎቹን አጥቤ፣ ቅቤ ብቻ እጠብቃለሁ። በየመሐሉ እየሮጥኩ ልጄን አያታለሁ፤ የበልጉ ዝናብ ጀምሮ ስለነበር ደረቷ ያፏጭ ነበር።

ከቀትር በኋላ ባለኮቱ በካሚዮን መጣ። ትልቅ የዘይት ጣሳ አወረደ። ሲከፈት ቢጫ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ወይራ ወይራ የሚል ቅቤ ታየ። የባሌ ወንድም አውራ ጣቱን ሰክቶ ዘቀ፣ አሸተተ፣ ራሱን ነቀነቀ። ከፈለው። ሰውዬው የካሚዮኑ ሞተር ሳይጠፋ «ቻው ጌታዬ! መልካም በዓል!» ብሎ ተሳፈረ።

ጣሳውን ወጥ ቤት አስገብቼ በጭልፋ ቀዳሁ። ሁለተኛውን ስቀዳ ጭልፋው ቧጠጠ። ከሥሩ ነጭ ነው፤ ደረቅ ነው። ትንሽ እሳት ላይ ጣል ባደርገው የሞራ ሽታ ቤቱን ሞላው። ቢጫው ምን ያህል እንደሚወርድ ለማየት አውራ ጣቴን ሰካሁ። የእኔ ጣት አጭር ስለሆነ ሞራውን አልነካውም። የእሱ ቢሆንም ለጥቂት አይነካውም። ሻጩ ቅቤውን የደፋው በዚያ ጣት ልክ ነበር። ያ አውራ ጣት ከአሰላ እስከ አቦምሳ የታወቀ ነው ማለት ነው፤ ዝናህን ሰምቼ መጣሁ ያለው ውሸቱን አልነበረም።

ጠራሁት። መጣ። አየ። አሸተተ።

«እሳቱን አብዝተሽበት ነው» አለኝ።

«ቅቤ በእሳት ሞራ አይሆንም፣ ጋሼ።»

ቄጤማው ግንባሩ ላይ ተንሸራቶ አንዱን ዓይኑን ሸፈነው። ከዚያ ምሕረት እንደሚሰጥ ዳኛ ቀና ብሎ «ያቺ ሴትዮ ከገበያ አትጠፋም። ሂጂና እገዛታለሁ ብሏል በያት» ብሎ ብር አስጨበጠኝ።

ልጄን በነጠላዬ ላይ ብርድ ልብስ ደርቤ ጠቅልዬ፣ ግድግዳው ሥር አስቀምጬ፣ ትልቁን «ከሷ አትራቅ» ብዬ ወጣሁ። ጭቃው ጫማዬን ያወልቃል። ክፍሉን ብለቅ የት አስተኛታለሁ የሚለው ብቻ ነበር በራሴ ውስጥ የሚዞረው። የማውቃቸውን ቤቶች ሁሉ አንድ በአንድ አሰብኳቸው፤ ሁሉም ቀዝቃዛ ነበሩ።

አዴ ቅሏን አስራ ልትነሳ ስትል ደረስኩባት።

«አካም ቡልቴ» አልኳት፤ እንዴት አደርሽ ማለት ነው፣ ቀኑ ቢመሽም ሌላ ሰላምታ አልመጣልኝም። «ቅቤ አለዎት፣ አዴ?»

«ላንቺ ነው ለሱ?»

«ወጡ የሱ ነው። ክፍሉ የልጄ ነው።»

አየችኝ። ለሌላ ሰው ብዙ ማስረዳት ይፈልግ ነበር።

«ደረቷ እንዴት ነው?»

«ዛሬ ያፏጫል።»

ቅሏ አጠገብ አንድ ትልቅ ጥቅል ነበር። «ይህ የታችኛው ሆቴል ነው። ከተከፈቱ ጀምሮ በጾሙም ሲገዙኝ ነበር። ግማሹን ውሰጂ፤ ለነሱ እኔ እነግራቸዋለሁ» አለችኝና ሹሩባውን ፈታችው። በገበያው ዋጋ ከፈልኳት፤ አንድም አልጨመረችብኝም። ልሄድ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«ኢንተላ ኮ» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። «ለሱ እንዲህ በይው። በሚቀጥለው ገበያ እዚህ ድረስ ይምጣ። ቆሞ እንዴት አደርሽ ይበለኝ። ሌላ አልፈልግም።»

የፋሲካው ወጥ እንደ ወጥ ሆነ። ኮንትራተኞቹ ጣታቸውን ላሱ። አንደኛው መምህር ጉርሻውን ውጦ «ይህ ቅቤ ከየት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

የባሌ ወንድም ወንበሩ ላይ ተለጠጠ። «ካቦምሳ! የራሴ ሰው ነው ያመጣው። ንግድ ማለት አቅራቢ መምረጥ ነው፣ ልጄ። ይህን በትምህርት ቤት አያስተምሩም።»

ድስቱን ይዤ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ሰው ሲዋሽ እውነቱን ወደሚያውቀው ሰው በዓይኑ ጥግ ይመለከታል፤ እኔም ያንን ጠበቅኩ። አላየኝም። የዋሸ አልመሰለውም። ትናንት ያሸተተውን ሞራ ረስቶታል። ውሸታም ቢሆን ኖሮ ትንሽ አከብረው ነበር፤ ውሸታም ቢያንስ እውነቱን ያስታውሳል።

ማታ የአዴን መልእክት ነገርኩት።

«የቅቤ ሻጭ ዘንድ ሄጄ ልስገድ?»

«ስገድ አላለችም። እንዴት አደርሽ በለኝ ነው ያለች።»

«ጣሳው ሙሉ ነው» አለኝ። «በሱ ስሪ።»

ሠራሁ። እስከዚያ ድረስ እሱ ያመጣውን ጉድ ሁሉ ስሸፍን የኖርኩ ነኝ። ያረጀውን እንቁላል በበርበሬ፣ የሚያጨሰውን እንጨት በእንባዬ፣ የከረመውን ቅቤ በኮረሪማና በኮሰረት። ያን ሳምንት ምንም አልሸፈንኩም። ባለኝ ጣሳ፣ ባለኝ መጠን፣ እንዳዘዘኝ ሠራሁ። ለልጆቼ ሽሮ ሰጠኋቸው። አይጸጽተኝም።

የአሰላን ብርድ የማያውቅ ሰው የሞራ ወጥ ምን እንደሆነ አያውቅም። ከወጥ ቤት ወጥቶ ጓሮውን እስኪሻገር ድረስ ፊቱ ነጭ ይሆናል። አዳራሹ ሲደርስ እንጀራው ላይ ረግቶ ይቆማል። ሁለተኛው ጉርሻ ላንቃ ላይ ይለጠፋል።

«ይሄ ወጥ ነው ሻማ?» አለ አንዱ ጸሐፊ።

«ክብሪት አምጡና እንየው» አለ መምህሩ።

ጸሐፊዎቹ ወደ ታችኛው ሆቴል ወረዱ። መምህራኑ ግን ወጥ ቤቱ በር ላይ መጥተው ቆሙ። «እትዬ» አለኝ ያ የፋሲካውን የጠየቀው፤ «እውነቱን ንገሪን። የበዓሉ ዕለት በየትኛው ቅቤ ነው የሠራሽው?»

ነገርኳቸው።

«ታዲያ አንቺ ራስሽ ለምን ኮንትራት አትይዢንም?»

ፈራሁ። ላስብበት አልኳቸው። ግድግዳውን ተደግፌ ልጄ ስትተነፍስ እየሰማሁ ስንት ነገር አሰብኩ፤ ሁሉም መጨረሻው ብርድ ነበር። መልሴን ሳልሰጥ የባሌ ወንድም ቀደመኝ። «ደንበኞቼን ያባረርሽ አንቺ ነሽ። ክፍሉን ልቀቂ» አለኝ። እሱ ባያስወጣኝ ኖሮ እስከ ዛሬ እዚያው ቁጭ ብዬ ላስብበት እል ነበር። በሕይወቱ አንድ ትክክለኛ ነገር ቢያደርግ፣ እሱንም በክፋት ነው ያደረገው።

ቤት ስፈልግ አከራዮቹ መስኮቱን፣ በሩን ያሳዩኛል። እኔ ግድግዳውን በመዳፌ እየዳሰስኩ ነበር የማየው። በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ሁለት ክፍል፣ መሐሉ ወፍራም ጭቃ ያለው ቤት አገኘሁ። ምድጃዬን መካከለኛው ግድግዳ ላይ አስጠግቼ ሠራሁ።

«ሴትዮ፣ ምድጃ እኮ ወደ ውጭው ግድግዳ ነው የሚሠራው፤ ጭስ እንዳይበዛብሽ» አለኝ አከራዩ።

«ጭሱን እችለዋለሁ» አልኩት። በወዲያኛው በኩል የልጄን አልጋ አስጠጋሁ።

መምህራኑ መጡ። እንጨት ከአንዲት ሴት፣ እንቁላል ከአንዲት ሴት ያዝኩ፤ አላፎካከርኳቸውም፤ ፀሐይ እስኪወጣም አላቆምኳቸውም። እንቁላል ተበላሽቶ ሲገኝ በሚቀጥለው ገበያ እነግራታለሁ፤ ትተካልኛለች። ይኸው ነው። ከዚህ በላይ ጥበብ አለው የሚል ሰው ወይ ሊሰርቅ ያሰበ ነው ወይ ወንበር ላይ መቀመጥ የሚወድ።

በዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ አዴ በመጀመሪያው ገበያ በሬ ላይ ቆመች። ፊቷን ኮስተር አድርጋ «ጾም ገብቷል» አለችኝ።

«ላሟ አልጾመችም» አልኳት።

ጾሙን ሙሉ ገዛኋት። አንጥሬ በእንስራ አስቀመጥኩ፤ አፉን ሁለት ጊዜ ከድኜ፣ አይጥ እንዳይገባ ድንጋይ ጭኜ፣ እንደገና ተነስቼ ድንጋዩን አየሁ።

ቅዳሜ ሹር ከሰዓት በኋላ አዴ ከገበያ ስትመለስ እኔ ዘንድ ጎራ ብላ፣ ግድግዳው ሥር ልጄ አጠገብ ተቀምጣ ውሃ ትጠጣ ነበር። ልጄ ከእሷ ኮባ እየሰነጠቀች ሹሩባ መጎንጎን ትማራለች፤ የትንፋሿ ፉጨት አይሰማም ነበር። የባሌ ወንድም ሠራተኛ በሩን አንኳኳች። ጣሳ ይዛለች።

«ጋሼ ለበዓል ትንሽ ቅቤ ላኪልኝ ብለዋል። የሚያመጣላቸው ሰውዬ ዘንድሮ ጠፋባቸው።»

እንስራውን ከፈትኩ። አውራ ጣቴን እስከ ሥሩ ሰካሁ፤ ዘቅኩ፤ ኮባ ቅጠል ላይ ጠረግኩት። አጥፌ ሰጠኋት።

«ለቅምሻ ነው በያቸው።»

ሴትየዋ ቅጠሉን መዳፏ ላይ አድርጋ ታየው ጀመር፤ ጣሳውን በሌላ እጇ እንደያዘች። አዴ አንገቷን አስግጋ ተመለከተችው።

«አነሰ፣ ኢንተላ ኮ» አለችኝ። «የሱ ጣት ትልቅ ነው።»

እውነቷን ነበር። ቢሆንም አልጨመርኩለትም።